የፊተኛው ኮርቻ

ዓርብ፣ ኦገስት 29

ፕለም ቀቀልኩ። አሥራ አንድ ጠርሙስ ማርማላታ ወጣው። ሐይቁ ላይ ጭጋግ ተኝቶ ነበር፣ እስከ አራት ሰዓት አልገፈፈም። ልብስ አጠብኩ።

ከሰዓት በኋላ ዚታ መጣች። የዓይነ ስውራን ስፖርት ክበብ የላከልን ነጂ ናት። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። ሥራዋ ፖስተኛ፣ ደብዳቤ የምታድለው በብስክሌት። ገና በሩ ላይ "አንቺ" አለችኝ። ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው እኮ!

"ብስክሌት ላይ 'እርስዎ' የለም፣ ሮስቪታ።"

እሺ... ብስክሌት ላይ መቼ ወጣን?

ባለ ሁለት ኮርቻውን ብስክሌት ከጋራዥ አወጡ። እሷ ከፊት፣ ባሌ ኤጎን ከኋላ። ዓይኑ ከጠፋ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ስድስቱንም ዓመት ከፊት የነዳሁት እኔ ነበርኩ። እስከ ሜይ ድረስ። ሜይ ላይ ጠጠር መንገድ ላይ ፍሬን አዘግይቼ ጣልኩት፣ የትከሻው አጥንት ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ያንን እጀታ ይዤ አላውቅም። ለክበቡ ደውዬ ነጂ ስጡን ያልኩትም ራሴ ነኝ። ታዲያ አሁን ምን ያንገበግበኛል?

ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞሩ። ወጥ ቤት ሆኜ የኤጎን ሳቅ ይሰማኛል።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 7

ተነሳን። ከቤታችን ሐይቅ እስከ ግራዶ ባሕር ዳርቻ ስድስት ቀን። እነሱ ከፊት፣ እኔ በራሴ ብስክሌት ከነሻንጣው ከኋላ።

የዚታ አፍ ወፍጮ ነው። አንድ ደቂቃ አያርፍም።

"በቀኝ በኩል ሦስት ላም። መሐለኛዋ ቁርጥ የድሮ አለቃዬን!"

"ቀንዷ ነው ሆዷ?" ይላል ኤጎን።

"አስተያየቷ። ደብዳቤ ዘገየ ብላ ልትቆጣኝ ነው።"

ሳቁ ብስክሌቱን አነቃነቀው። አትውደቁ ብዬ ጮህኩ። አልሰሙኝም።

እኔ ስነዳው የምለው አራት ቃል ነበር። ጉድጓድ። ግራ። ማርሽ። ፍሬን። ሌላውን ለምን ልንገረው? የማያየውን ተራራ ብቆጥርለት ልቡ ይሰበራል ብዬ ነዋ። አዝኜለት ነው ዝም ያልኩት... አዝኜለት ነው።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 8

ድንበሩን ተሻግረን ጣልያን ገባን። ታርቪዚዮ አጠገብ ካለው ሐይቅ ዳር ዳቦና በጢስ የደረቀ ሥጋ በላን። ዚታ ገና እያላመጠች ጀመረች።

"ውሃው አረንጓዴ ነው፣ ኤጎን። የሣር አረንጓዴ እንዳይመስልህ። የቢራ ጠርሙስ። ተራራው ተገልብጦ ውስጡ ገብቷል፣ ከነበረዶው። አንድ ወፍራም ሰውዬ ሊዋኝ ልብሱን እያወለቀ ነው... እግሩን ነከረ... ኧረ ሐሳቡን ቀየረ! እየለበሰ ነው።"

ኤጎን እየሳቀ እንባው ወረደ። ደስ ብሎት! ስድስት ዓመት ሙሉ ያ እንባ እንዳይመጣ ነበር የምጠነቀቀው። እሷ በሁለተኛው ቀን አመጣችውና ይኸው፣ ደስታ ሆኖ ቁጭ አለ።

ቀናሁ። ጻፍኩት፣ ይውጣልኝ። ከእሷ ጋር ይተኛል ብዬ አይደለም። እሱ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ያ አረንጓዴ ከእኔ አፍ አለመውጣቱ ነው አንጀቴን ያሳረረው።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 9

ቀኑን ሙሉ የድሮው የባቡር መስመር ላይ። ሐዲዱ ተነስቶ የብስክሌት መንገድ ሆኗል። ኤጎን በወጣትነቱ በዚህ መስመር ላይ ቲኬት ተቆጣጣሪ ነበር። ዛሬ እሱ ሆነ የሚመራት።

"አሁን አጭር ዋሻ አለ፣ ይቀዘቅዝሻል። ከዚያ የብረት ድልድይ። ወደ ታች እንዳታዪ!"

ዋሻው መጣ። ድልድዩም መጣ። ዚታ እንደ ሕፃን እልል ትላለች። ከዚያ በየሰኞው ያለ ቲኬት ስለምትሳፈር አንዲት መነኩሲት አወራላት። ቲኬት ሲላት "ጌታ ይከፍልልኛል" ትለዋለች፤ እሱ ደግሞ "ጌታ የተሳፈረው ስንተኛ ፉርጎ ላይ ነው?" ይላታል።

ሃያ ስምንት ዓመት በትዳር ኖርን። ስለዚህች መነኩሲት አንዲት ቃል ሰምቼ አላውቅም።

የድሮው ጣቢያ ቡና ቤት ሆኗል። እዚያ ስንቀመጥ ጠየቅኩት። ለምን ለእኔ አልነገርከኝም?

"አልጠየቅሽኝማ፣ ሮዚ።"

ሳይቆጣ ነው ያለው። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 10

ቁርስ ላይ፣ ኤጎን እጁን ሊታጠብ ሲነሳ፣ ለዚታ እንዲህ አልኳት። "አትቀየሚኝ። ኤጎን ወሬው በዝቶበታል። ላንቺ መናገር አፍሮ ነው። ዝም ብትይለት ደስ ይለዋል።"

ፊቷ ቲማቲም መሰለ። "ምነው ቀደም ብሎ ቢነግረኝ..." አለች።

ቡናዬን ጨረስኩ። ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 11

ሁለት ቀን ሆነ። ከዚታ አፍ የሚወጣው ግራ፣ ቀኝ፣ ፍሬን ብቻ ነው። ልክ እንደ እኔ። የፈለግኩት ይኸው ነበር አይደል?

ኤጎን ትናንት ጠዋት ስለ ባቡሩ ሊያወራላት ሞክሮ ነበር። "እ" አለችው። ደግሞ ሞከረ። "እ።" ተወው። ከኋላ ሆኜ አየዋለሁ፤ አንገቱን ወደ ግራ ያዞራል፣ ወደ ቀኝ ያዞራል፣ የሚጠብቀው ነገር አይመጣም። ከሰዓት በኋላ ማዞሩንም ተወ።

ራት ላይ የሚወደው የድንችና አይብ ቂጣ ቀረበለት። ግማሹን ተወው። ዚታ ወደ ክፍሏ ስትገባ ክንዴን ያዘ።

"ዚታን አስቀየምኳት እንዴ? መጥፎ ቀልድ ቀለድኩ?"

"ደክሟት ይሆናል።"

"ዛሬ በየት ነው ያለፍነው? ምን ነበር?"

"በቆሎ" አልኩት። "ብዙ በቆሎ።"

ጠበቀ። ሌላ አልመጣልኝም። ቀኑን ሙሉ የእሱን ጀርባ ብቻ ሳይ ነው የዋልኩት።

ሜይ ላይ አጥንቱን ስሰብር ሳላውቅ ነው። አሁን ግን አውቄ ነው።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 12

ግራዶ። ደረስን። በምን ሁኔታ...

ወደ ከተማዋ የሚያስገባው መንገድ ባሕሩን ሰንጥቆ ነው የሚሄደው፤ በግራም ውሃ፣ በቀኝም ውሃ። ኤጎን ቀና አለ። "ጨው ሸተተኝ! ባሕሩ ነው?"

"አዎ" አለች ዚታ።

ጠበቀ።

"ትንሽ ጉድጓድ አለ" አለች።

ያን ጊዜ አንገቱን ደፋ። ፔዳሉን መግፋት ተወ፤ እግሩ ዝም ብሎ አብሮ ይዞራል። ለዚህ ባሕር ስንት ወር ሲዘጋጅ የነበረ ሰው! አላስቻለኝም። ቁሙ ብዬ ጮህኩ። መንገዱ መሐል ብስክሌቴን ጥዬ ሁሉንም ተናገርኩ። ዋሽቻት ነው፣ ዝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ፣ አንተ ምንም አላልክም። ከኋላ የመጣ ጣልያን ደወሉን እየደወለ ሰድቦን አለፈ።

መጀመሪያ ዚታ ፈነዳች። "ሁለት ቀን ሙሉ ምላሴን ነክሼ! ሴትዮ፣ ስንት ውሻ ነክሶኛል፣ እንዲህ ያመመኝ ግን የለም!"

ኤጎን አልጮኸም።

"ለምን?" አለ።

"ቀንቼ።"

"ዓይኔ የጠፋው ከስድስት ዓመት በፊት ይመስለኝ ነበር" አለ። "ለካ ረቡዕ ዕለት ነው።"

ከዚያ ወደ ፊት ዞሮ "ንጂ፣ ዚታ" አላት። ዚታ አፍንጫዋን ጠርጋ ጀመረች። ሽመላ፣ የዓሣ አጥማጆች ጎጆ፣ ውሃው ላይ የምትንቀጠቀጥ ፀሐይ። ሁሉንም ከኋላ ሆኜ ሰማሁ።

ባሕሩ ውስጥ ብቻውን ገባ። ሲወጣ ያናገረኝ አንድ ቃል ነው። "ፎጣ።"

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 13

በባቡር ወደ ቤት። ጣቢያው ላይ ዚታና ኤጎን ተስማሙ፤ ከእንግዲህ በየሐሙሱ እየመጣች ትነዳዋለች። ቀናሁ? አዎ። ይሁን።

ዚታ ከፊት ለፊታችን ከመቀመጧ በፊት እኔን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ መስኮቱ ጋ አስገባችኝ። ሜዳው አለቀ። ተራራው ሲጀምር ኤጎን ጠየቀ።

"መስኮቱ ጋ ያለው ማነው?"

"እኔ።"

"ንገሪኝ።"

"ወንዝ አለ" አልኩ። "ነጭ ድንጋይ የበዛበት። ውሃው ትንሽ ነው... ሰማያዊ። ወተት የፈሰሰበት ሰማያዊ።" ዚታ ሳይታወቃት ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ልቀጥል ስል ዋሻ ገባን። አዲሱ መስመር በተራራው ሆድ ነው የሚያልፈው።

"አሁንስ?"

"ምንም አይታይም። ጨለማ ነው።"

"እሱማ ለእኔም ይታየኛል።"

ዚታ ሳቋ አመለጣት። እሱም ከንፈሩ ፈገግ ሊል ሲል ያዘው።

"ስንት ዓመት ባቡር ላይ ሠርቻለሁ" አለ። "ዋሻ ውስጥ መስኮቱ መስታወት ይሆናል። ምን ይታያል?"

"እኔ።"

"በይ ንገሪኝ።"

ይሄን አላሰብኩትም። ለመጨረሻ ጊዜ ሲያየኝ ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነበር። እሱ የሚያውቃት ሮዚ ፀጉሯ ቡናማ ነው፣ አላረጀችም። ያቺን ሮዚ ስንት ዓመት ጠብቄ አቆየሁለት! ዝም ያልኩት ለእሱ አዝኜ ብቻ ነው ብዬ ነበር እዚሁ ደብተር ላይ የጻፍኩት። ውሸቴን ነው።

"ፀጉሬ ሸብቷል" አልኩት። "ጨርሶ። ቀለም መቀባት ከተውኩ አራት ዓመት ሆነኝ፣ አልነገርኩህም። አገጬ ሥር ቆዳው ወርዷል። ዓይኔ አብጧል፣ ትናንት ሳለቅስ ነው የዋልኩት። ግንባሬ ላይ መስመር አለ... ሦስት።"

"አራት ነው" አለች ዚታ ቀስ ብላ።

"አራት" አልኩ።

ዋሻው አለቀ። ብርሃኑ ሲገባ ፊቴ ከመስታወቱ ጠፋ፣ ወንዙ ተመለሰ። ተገላገልኩ ብዬ ስለ ወንዙ ልነግረው ስል ኤጎን እጄን ፈልጎ ያዘ።

"ወንዙ ይቆይ" አለ። "ገና አልጨረስሽም።"