ዘጠኝ ላይ የቆመው ቀፎ

መስከረም 2
የባለቤቴን የቤዛን ቀፎ ከፈትኩ። ካረፈች ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ከተደረደሩት አስር የእንጨት ፍሬሞች ንብ ያለበት ሁለቱ ብቻ... ለጎረቤታችን ለሃሊማ «ከንቦቼ ከፍዬ እሰጥሻለሁ» ብላት ነበር። ቃሏ እኔ ላይ ቀረ።

መስከረም 23
አራት ፍሬም። በሦስት ሳምንት እጥፍ። ተመስገን። በዚሁ ከሄደ ኅዳር 5 አሥራ ስድስት። እስከ ሚያዝያ አሰላሁት፤ ሁለት ሺህ አርባ ስምንት። ለሃሊማ አሳየኋት።
«ጋሽ ሽባባው፣ በሚያዝያማ ቡታጅራ የንብ ልትሆን ነው። እኛ ወዴት እንሰደድ?»
«አንቺ ለኅዳር 5 ሳጥንሽን አዘጋጂ» አልኳት።

ጥቅምት 14
ሰባት። ስምንት መሆን ነበረበት።

ኅዳር 5
ዘጠኝ።

ኅዳር 12
ከሚካኤል መልስ ከፈትኩ። አሁንም ዘጠኝ። ምን በደልኩ? በቁጥር ተመክቼ ይሆን? ሃሊማ ስለ ንቡ አልጠየቀችኝም። አለመጠየቋ ባሰብኝ። ደክመው ከሆነ፣ ብከፍላቸው ሁለቱም ቢያልቁስ? የቤዛ ንብ በእጄ ሲጠፋ...

ኅዳር 14
ልጄ ናዝራዊት ከወልቂጤ መጣች። እዚያ ባዮሎጂ ታስተምራለች። ስሌቴን አይታ ሳቀች።
«አባዬ፣ ይሄ ኤክስፖነንሻል ነው፤ ሳይቆም እጥፍ እጥፍ እያለ የሚያድግ። ቦታውም ምግቡም የማያልቅ ቢሆን ነበር እንዲህ የሚሆነው።»
ቁጥሬን ሽቅብ በሚወጣ መስመር ሳለችው፤ ከጎኑም ሌላ መስመር ሳለች። እንደዚያኛው ይነሳና ላይ ሲደርስ ጋደም ይላል።
«ይሄ ደግሞ ሎጂስቲክ ይባላል፤ ቦታው ሲሞላ የሚቆም እድገት። ሳጥንህ የሚይዘው አስር ፍሬም ነው። ንቦቹ አልደከሙም፣ ሞልተዋል።»
«ብከፍላቸውስ?»
«ቦታ ያገኛሉ፤ እንደገና ይነሳሉ። ዝም ካልካቸው ግን ግማሾቹ ራሳቸው ተከፍለው ይሄዱብሃል።»
ሞልተዋል... እኔ በደሌን ስቆጥር።

ኅዳር 16
ማምሻውን ንቦቹን ከፈልን። የቤዛን የፊት መሸፈኛ ከተሰቀለበት አውርጄ ለሃሊማ ሰጠኋት። እስከዛሬ ማንም አልነካውም ነበር። እሷ «ቢስሚላህ» አለች፣ እኔ አማተብኩ። አምስቱ ከነንግሥታቸው ወደ እሷ ሄዱ። እኔ ጋ አራት፣ ንግሥት የሌላቸው። ከእንቁላሉ አዲስ ያሳድጋሉ ብላለች ናዝራዊት። ይሁን።

ታኅሣሥ 20
ሦስት። ቀንሰዋል። ግን አዲስ እንቁላል አየሁ፤ አዲሷ ንግሥት መጣል ጀምራለች ማለት ነው። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አየሁ... አለ።

ጥር 14
እኔ ጋ አራት። ሃሊማ ትናንት በአጥር በኩል ጠራችኝ።
«ጋሽ ሽባባው፣ የኔዎቹ ዘጠኝ ላይ ቆሙብኝ።» ፈርታለች።
«ሞልተው ነው። ሌላ ሳጥን አለሽ?»
«ከየት አመጣለሁ?»
ዛሬ አናጢው ጋ ሄጄ አንድ አዘዝኩ። ለማን እንደሆነ ጠየቀኝ።
«ገና አላወቅንም» አልኩት።