አባዬ፣ ሞተሩን ላስጮኸው ነው

ይድረስ ለማከብርህና ሁልጊዜ ለምትናፍቀኝ አባቴ።

እንደምን ከርመሃል አባዬ? ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ፣ ዛሬም ደመና ሳይታይ የዝናቡን መምጣት ይናገራል? እንቅልፍ ይወስድሃል? እህል ይወርድልሃል? ስለ ጆሮህ አልጠይቅህም፤ ያን ጊዜ ስልክ ደውዬ «ደህና ነህ ወይ?» ስልህ «ማክሰኞ ነው» ብለህ ከመለስክልኝ ወዲህ ለኛ የሚሻለን ደብዳቤ እንደሆነ ገብቶኛል። እማዬስ እንዴት ናት? ከማለዳ እስከ ማታ ወዲያ ወዲህ ማለቱን ትንሽ ቀነሰች ወይስ አሁንም ተቀመጪ የሚላትን ሰው ትቆጣለች?

እኔና ልጄ በሕይወት አለን። «ደህና ነን፣ በኛ በኩል ምንም አታስቡ» ብዬ ልቀጥል ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ደህና አይደለሁም አባዬ። ጨንቆኛል። ለማን እንደምነግረው ስለጠፋኝ፣ ዛሬ ዝናቡ ከሥራ ሲያስቀረኝ ላንተ ልጽፍ ተቀመጥኩ።

ነገሩ የሣር ነገር ነው። አትሳቅ። እዚህ የተቀጠርኩት ትራክተር እንደምነዳ ሰምተው ነው። ከትራክተሩ ኋላ ማጨጃ ይታሰራል፣ ከሥሩ ስለቶቹ ይሽከረከራሉ፣ እኔ ሜዳውን እየዞርኩ አጭዳለሁ፤ ሣሩ ሲደርቅ ለከብት መኖ ይሸጣል። ከሥራው ጋር ከማሽን ማቆሚያው ጀርባ ያለችውን ክፍል ሰጡኝ። አንድ መስኮት፣ አንድ አልጋ፣ ቢያጥቡት የናፍታ ሽታ የማይለቀው ግድግዳ ነው ያላት። ልጄ ግን ቤተ መንግሥት አድርጋታለች። ከዚህ በፊት ከሰው ቤት ሰው ቤት ስንንከራተት «ውጡ» መባልን ስለለመደች ጫማዋን ሳታወልቅ ነበር የምትተኛው። ላወልቅላት ስል ታለቅስ ነበር። እዚህ ከገባን ትንሽ ቆይቶ አንድ ማታ ራሷ አወለቀችና አልጋው ሥር አስቀመጠቻቸው። ወደ ግድግዳው ዞሬ አለቀስኩ። አሁን ይህችን ክፍል ልናጣት ነው። ጭንቄ ይኸው ነው።

የማጭደው ሜዳ አያምርም። አልፌ ዞር ስል ፀጉር ማስተካከል የጀመረው ገና ዛሬ ጠዋት በሆነ ሰው እጅ የወደቀ ራስ ይመስላል፤ እዚህ ጋ ጭብጥ ሙሉ ቆሞ ይቀራል፣ እዚያ ጋ ተጋድሞ ይታለፋል። ባለእርሻው ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆንማ በቀለለኝ። ሜዳው መሐል ተንበርክኮ አንድ የሣር አገዳ አሳየኝ። ጫፉ አልተቆረጠም፤ እንደተቦጨቀ ጨርቅ ክር ክር ብሏል። እንዲህ የተበጣጠሰ ሣር ጫፉ ይደርቃል፣ መልሶ ለማቆጥቆጥም ይዘገያል አለኝ። ቀጥሎ ድምፁን ሳያነሳ፣ የቀረው በመንገዱ ዳር ያለው ትልቁ ሜዳ እንደሆነና እሱም እንዲሁ ከሆነ ሌላ ሹፌር እንደሚያስቀምጥ ነገረኝ። ክፍሏ ደግሞ የሹፌሩ ናት። ይህን አልጨመረም፤ መጨመርም አያስፈልገውም ነበር። አንገቴን ደፍቼ «እሺ» አልኩ።

ያልሞከርኩት የለም። ስለቶቹን አውልቄ ሞረድኳቸው። ጠጋ ብሎ እንዲያጭድ ማጨጃውን ዝቅ ባደርገው አፈር ገመጠ፤ ከፍ ባደርገው የሣሩን ራስ ራስ ቀርድዶ አለፈ። ጤዛው እስኪረግፍ ጠበቅሁ። ያለፍኩበትን መስመር በጥቂቱ እየደረብኩ ዞርኩ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ።

በመጨረሻ ሽማግሌውን መካኒክ ለመንኩት። ጥብቅ ነው የምንለው፤ አንዴ ያጠበቀውን ቡሎን ራሱም መፍታት ያቅተዋል። ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ ማጨጃውን ዞረው፣ ከዚያ «ንጂ» አለኝና ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ብዙም ሳልሄድ አስቆመኝ። «ስለትሽ ደህና ነው፤ ሞተሩን ግን ምን አድርጊ ብሎሽ ነው እንደ ሕፃን እሹሩሩ የምትይው?» አለኝ። ማረሻ ሲሆን ትራክተሩ ይጎትታል፣ በቃ። የማጨጃ ስለት ግን የሚሽከረከረው በሞተሩ ጉልበት ነው፤ ሞተሩ ሲያንጎራጉር ስለቱም ያንቀላፋል፤ ያንቀላፋ ስለት ሣሩን ይገፋዋል፣ ይቦጭቀዋል እንጂ አይቆርጠውም። ለሞተሩ ሙሉ ነዳጅ፣ ለጎማው ዝቅተኛ ማርሽ። «እሱ ይጩህ፣ አንቺ ቀስ በይ፤ ሌላ መድኃኒት የለውም» አለኝ። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ የነዳሁት በተቃራኒው ነው፤ በከፍተኛ ማርሽ፣ በጭላጭ ነዳጅ።

ማን እንዳስተማረኝ ታውቃለህ። አልወቅስህም አባዬ። ካንተ በፊት የነበረው ሹፌር የገበሬ ማኅበሩን ትራክተር ሞተር አቃጥሎ ያ ሁሉ ማሳ ጦሙን ያደረበትን ዓመት እኔም አስታውሳለሁ። ናፍታ በበርሜል፣ ያውም በስንት ልመና ነበር የሚመጣው። አንተ መሪውን ስትረከብ ሞተሩን እንደ አራስ ልጅ ያዝከው። ጭቃ መከላከያው ላይ አስቀምጠኸኝ «ሞተር ሲያንጎራጉር ጤና ነው፤ ከጮኸ ታሟል፣ ሰውም ሊራብ ነው» ትለኝ ነበር። ነዳጅ ሳበዛ እጄን ቸብ ታደርጋት ነበር። በዚያ ሞተር አሳደግኸን፤ አንተ ጡረታ ስትወጣ እሱ ገና ይሠራ ነበር። ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባላል፤ የኔ ደግሞ ደግ ልማድ ሆኖ ከማዕድ ሊያስነሳኝ ነው።

ትናንት ዝናቡ ሳይመጣ ከማቆሚያው አጠገብ ባለች ቁራጭ ሣር ላይ ጥብቅ ቆሞ እያየኝ ሞከርኩ። የእጅ ነዳጅ መስጫውን እስከ ጫፉ ገፋሁት። ሞተሩ ጮኸ። እንዴት እንደጮኸ ልነግርህ አልችልም፤ ወንበሩም ጥርሴም አብረው ተንቀጠቀጡ። ዞር ስል ከኋላዬ ያለው ሣር በምላጭ የተላጨ ይመስላል፤ ሁሉም አንድ ቁመት፣ ጫፉ ጥርት ያለ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ አጨዳ ሠርቼ አላውቅም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። እጄ ሳላዘው ሄዶ ነዳጁን መለሰው፤ ሣሩም ወዲያው መቦጫጨቅ ጀመረ። ደግሜ ገፋሁት፤ ደግሞ መለሰው። ጥብቅ በእጁ «ግፊ! ግፊ!» ይለኛል፤ እጄ ላይ የሚሰማኝ ግን ያንተ መዳፍ ነው። በመጨረሻ አቆምኩና መሪው ላይ ተደፍቼ ተንሰቀሰቅሁ። ሽማግሌው መግቢያ ቢጠፋው ያልላላ ቡሎን ሲያጠብቅ ቆየ።

ዛሬ ይዘንባል። እርጥብ ሣር በየትኛውም ስለት ጥሩ አይታጨድም፤ ስለዚህ ፍርዴ ለጊዜው ተራዝሞልኛል። ለሣሩ መጥፎ ነው፣ ለሰውየውም ኪሳራ ነው፤ እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ ቢዘንብልኝ ብዬ እጸልያለሁ። የገበሬ ልጅ ሆና እንዲህ ያለ ጸሎት የምትጸልይ አይተህ ታውቃለህ? ልጄ መስኮቱ ላይ በጣቷ እየሞነጫጨረች ነገ ምን እንደምናደርግ ጠየቀችኝ። ሥራ አለኝ አልኳት። «ከነገ ወዲያስ?» አለችኝ።

ፈቃድህን ስጠኝ አባዬ። ልጅ የወለደች ሴት ስለ ነዳጅ አባቷን ታስፈቅዳለች ብለህ ሳቅብኝ፣ ግን ስጠኝ። ጥብቅ ልክ መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ይህ እጅ ግን ካንተ ሌላ የማንንም ቃል አይሰማም። «ይጩህ» በልልኝ። አንዴ ብቻ፣ በረንዳው ላይ እንደተቀመጥክ፣ ጎረቤት ምን ነካው ቢልህም በልልኝ።

ይህ ደብዳቤ እስኪደርስህ ሜዳው ታጭዶ ነገሩ እንደሚለይለት አውቃለሁ። ስለዚህ ፈቃድህን ሳልሰማ ቃልህን ልጥስ ነው። መስጫውን እስከ ጫፉ ገፍቼ በሻሼ አስረዋለሁ፤ እጄ ሊመልሰው ሲሄድ ቋጠሮ ያግኝ። ሞተሩ ይጮሃል፤ በዚያ ጩኸት መሐል ማንም አይሰማኝምና እኔም አብሬው እጮሃለሁ።

እማዬን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ። ስታነብላት የሣሩን ነገር ዝለልና «ወፍራለች» በላት፤ ውሸት ነው፣ ግን እንቅልፍ ይወስዳታል። ወንድሜን ሰላም በልልኝ፤ ቂሙን እንደሆነ አሁንም እንደያዘብኝ ሰምቻለሁ፣ ቢሆንም ይናፍቀኛል። ልጆቹን በየጉንጫቸው ሳምልኝ። ታናሽ እህቴ ፈተናዋን እንዳለፈች ሰምቼ እልል ብያለሁ። አክስቴን ጉልበቷን ስሜያለሁ። ልጄም ሁላችሁንም ትስማችኋለች፤ አያቷን መቼ እንደምታይ ትጠይቃለች።

መልስህን በዚሁ አድራሻ ጻፍልኝ። ካልመለስኩልህ ክፍሏ የሌላ ሹፌር ሆናለች ማለት ነው። ሰው ሁሉ ደብዳቤውን «አትጨነቁ» ብሎ ነው የሚዘጋው፤ እኔ አልልህም። ተጨነቅልኝ አባዬ። እዚህ የሚጨነቅልኝ ሰው የለም።

ልጅህ

ከማሽን ማቆሚያው ጀርባ፣ ሣሩ እስኪደርቅ ድረስ የኛ ከሆነችው ክፍል
ሐሙስ፣ ሰኔ ፲፪ ቀን