የኔአለም የቀደደችው መጽሐፍ

ይድረስ ለልጄ ለምስክር፦

የሰው አገር ይውደድህ፤ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ። እኛ ደህና ነን የምልህ ለወጉ ነው።

እህትህ የኔአለም የኮምፒውተር ኔትወርክ ፈተናውን ደሴ ድረስ ሄዳ ተፈትና ወደቀች። ሁለት ዓመት ያጠናችው መጽሐፍ ለካ ጊዜው ያለፈበት ኖሯል፤ ፈተናው ተቀይሯል አሏት። አንተ አዲሱን መጽሐፍ በኢንተርኔት ልኬያለሁ ብለህ በሰው አስነግረሃል። መካነ ሰላም ኢንተርኔት ከጠፋ ስንት ወሩ!

ቅዳሜ ገበያ በርበሬ የምቋጥርበት ወረቀት አምጪልኝ ብላት፣ ያንኑ መጽሐፏን እየቀደደች ሰጠችኝ። አላለቀሰችም እኮ፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። የቀረውን ነጥቄ ደበቅሁት።

እኔ መጽሐፍ መምረጥ አላውቅም። አንተ የታተመበትን ዓመት አይተህ፣ የወረቀቱን ገዝተህ ወደዚህ ለሚመጣ ሰው ስጥልኝ። እመብርሃን በሄድክበት ትቅደምልህ። አደራ፣ ከፊቱ ላይ ስሟን ጻፍበት፤ ስሟ ያለበትን መቅደድ ይከብዳት ይሆናል።

እናትህ ብርሀንነሽ