የሰባተኛው ጉድጓድ ናሙና

ሳውዝ ፖርኩፓይን፣ ኦክቶበር 14

ይድረስ ለቀድሞው አማቼ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትህን እጠይቃለሁ። ወገብህን ያምህ እንደነበር አልረሳሁም፤ ቶሮንቶ ያለው ወንበርህ ለስላሳ ነው ስለሚሉ ተሽሎህ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። የሐይቁ ዳር ዳር በረዶ መያዝ ጀምሯል። ልጄ ሲርካም ደኅና ናት፤ ስምህን ስለማታነሣ ሰላምታዋን ላደርስልህ አልቻልሁም።

አዲሱን መግለጫህን አነበብሁ። የመጀመሪያው ኩባንያህ ያደረሰብን ሐዘን ሳይረሳ፣ በሌላ ስም እዚያው ጫካ ወርቅ እፈልጋለሁ ብለህ አክሲዮን ልትሸጥ መነሣትህ አላስደነቀኝም። ያስደነቀኝ አጻጻፍህ ነው። በሁለት ገጽ ውስጥ «ሊገኝ ይችላል» የሚለውን አሥራ አንድ ጊዜ ደጋግመኸዋል፤ በቀይ አስምሬበታለሁ። «ተገኘ» ብሎ የሚያስር አንድም አንቀጽ የለም።

የመጀመሪያውን ኩባንያህን አክሲዮን በሸጥህባት በዚያች ቅዳሜ፣ በፊንላንዳውያን አዳራሽ ግን እንዲህ አልተጠነቀቅህም። መሰርሰሪያ ከምድር ሆድ የሚያወጣውን ድቡልቡል የድንጋይ ዘንግ እንደ ሕፃን በፎጣ ጠቅልለህ ገባህ። «ከሰባተኛው ጉድጓድ ትናንት የወጣ ነው! አባቶቼ፣ ይኼ የባንክ ወረቀት አይደለም፤ ያዙት፣ ላሱት!» አልህ። ሰዎችህን ታውቃቸዋለህ። የእኛ አገር የማዕድን ሠራተኛ ጠበቃ አያምንም፣ ሚኒስትር አያምንም፤ በምላሱ አርጥቦ ያየውን ድንጋይ ግን ያምናል። ናሙናው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የወርቁ ጠብታዎች ያበሩ ነበር። አንዱ ሽማግሌ «ሚስቴን እንኳ እንዲህ ስሜያት አላውቅም!» ብሎ አዳራሹን በሳቅ አፈረሰው።

ታናሽ ወንድሜ ታውኖ ግን አልሳቀም፤ ወደ እኔ ዞረ። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማችንን ትልቅ የማዕድን ማውጫ የናሙና መጋዘን የጠበቅሁ ሰው ስለሆንሁ «ጋሼ፣ አንተ ምን ትላለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። ተቀበልሁት፤ አረጠብሁት፤ ወደ ብርሃን አዙሬ አየሁት፤ ከዚያም ለሚቀጥለው ሰው አሳለፍሁት። ምንም አልተናገርሁም። በዚያ አዳራሽ የእኔ ዝምታ እንደ ማኅተም ይቆጠራል።

በማግሥቱ ታውኖ ከአባታችን ጋር ግንድ ፈልጦ የሠራትን የሐይቅ ዳር ጎጆ ከነእንፋሎት መታጠቢያዋ፣ ከነሳውናዋ ለገበያ አቀረበ፤ የተከፈለውንም ሁሉ በአክሲዮንህ ላይ አፈሰሰው። በበጋው የቤተ ሙከራው ውጤት ሲመጣ ድንጋዩ ባዶ ሆኖ ተገኘ። አንተ ወደ ቶሮንቶ፣ ታውኖም ከጎማ ጠጋኙ ቤት በላይ ወዳለች የኪራይ ክፍል ሄዳችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ አዲሱ ባለቤት ሳውናዋን ሲያነድድ፣ ወንድሜ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ጭሷን ያያል። ከእኔ ጋር አይነጋገርም። የመጨረሻው ንግግሩ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ነበር፦ «ጋሼ፣ አንተ'ኮ ይዘኸው ነበር» አለኝና ሄደ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ለአሥራ አራት ወራት የሞተውን ኩባንያህን አክሲዮኖች ከየጎረቤቱ ስገዛ ቆይቻለሁ። ፀጉር አስተካካይዋ «አባባ፣ ግድግዳ ሊለጥፉበት ነው ወይስ ምድጃ ሊያቀጣጥሉበት?» እያለች ስቃብኛለች። ጃጀ የሚሉኝም አሉ። ይበሉ! ከመቶ አምስት እጅ ያህሉን የያዘ ባለአክሲዮን ልዩ ስብሰባ የመጥራት መብት አለው፤ እኔ ከዚያ አልፌያለሁ። ገንዘቡን ከየት አመጣኸው አትለኝም፤ ያኔ የራሴን አክሲዮን ሸጬ ያገኘሁት እንደ ሆነ ታውቀዋለህና።

እንደምታውቀው ማንኛውም ናሙና በቁመቱ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ግማሹ ወደ ቤተ ሙከራ ይሄዳል፣ ግማሹ በሣጥን ውስጥ ምስክር ሆኖ ይቀራል። የመጋዘንህን ኪራይ መክፈል ስላቆምህ ባለቤቱ ቁልፉን ሰጠኝ። የሰባተኛውን ጉድጓድ ሣጥኖች አንድ በአንድ ከፈትሁ። ከላይ እስከ ታች አንዲት ስንዝር አልጎደለም፤ ሁሉም ወፍራም ነው፣ የተከራየኸው መሰርሰሪያ የሚያወጣው ወፍራሙን ብቻ ነውና። በአዳራሹ ያዞርኸው ግን ቀጭን ነበር፤ አንተ ሳትወለድ ሥራ ያቆመ መሰርሰሪያ ከሌላ የማዕድን ማውጫ ያወጣው። አትካድ። የሙያው ልማድ አሸንፎህ፣ መጠኑ እንዲታወቅ ከአሥር ሳንቲም ጎን አስቀምጠህ ፎቶግራፍ አንሥተኸዋል፤ በራስህ መግለጫም ላይ አትመኸዋል። ፎቶግራፉ ለሌሎች ነው። ለእኔ ሳንቲምም መለኪያም አያስፈልገኝም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ናሙና ሲደረድር የኖረ እጅ ውፍረቱን ገና ሲጨብጠው ያውቃል።

ስብሰባው ኖቬምበር 20፣ ሐሙስ፣ በዚያው አዳራሽ ይሆናል። ሣጥኑና ፎቶግራፉ ጠረጴዛው ላይ ይቀርባሉ። ከአክሲዮን ገበያው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አንዲት መርማሪ እንደምትገኝ በጽሑፍ አረጋግጣልኛለች። ከዚያች ቀን በኋላ በአዲሱ ስምህም ሆነ በአሮጌው፣ በዚህ አገር አንዲት አክሲዮን የሚገዛህ ቢገኝ እኔ ድንጋይ አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ስትደውል «አባባ፣ ኧረ እንታረቅ፤ ደግሞ እርስዎም እኮ በዚህ ነገር…» ብለህ አቋረጥህ። ተንጠልጥሎ የሚቀር ዓረፍተ ነገር እንደማልወድ ታውቃለህ። በስብሰባው ላይ፣ በሙሉ ድምፅ ትጨርሰዋለህ።

ታውኖ በመጀመሪያው ረድፍ እንዲቀመጥ መልእክት ልኬለታለሁ። የቤተ ሙከራው ውጤት ከመታወቁ በፊት በነበረው ሳምንት አክሲዮናቸውን የሸጡት ሰዎች ስም እንዲነበብ ጠይቄአለሁ። ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ያንተ ነው፤ ሁለተኛው የጸሐፊህ ነው። ሦስተኛውን መርማሪዋ አታነበውም፤ እኔው ከወንድሜ ፊት ቆሜ አነበዋለሁ።

እስከዚያች ቀን ድረስ አምላክ ጤናህን ይጠብቅልኝ፤ መንገዱን ከበረዶ፣ መኪናህን ከብልሽት ያድንልኝ። ጤነኛ ሆነህ፣ በእግርህ ቆመህ እፈልግሃለሁ።

የቀድሞ አማትህ፣
የታውኖ ታላቅ ወንድም