የአባዬ ጣትና የሙሽሪት ስክሪን

ጥር 6

ዛሬም ነፋስ። በረራ የለም። ከአባዬ ጋር የአሮጊቷን ክንፍ ስናጥብ ዋልን። አሮጊቷ ባለ ጌጇ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ናት፤ ከፊት ለፊቷ ክብ ክብ ጌጆች፣ ባለ ቀስት መለኪያዎች፣ ተደርድረው ሰዓት ቤት ትመስላለች። አጠገቧ ሙሽሪት ቆማለች... አዲሷ፣ ባለ ስክሪኗ። አባዬ ዞር ብሎም አያያት።

ቤት አባቴ ነው፣ አውሮፕላን ውስጥ አስተማሪዬ። በሩ ሲዘጋ "የኔ ልጅ" ያበቃል። "ተማሪ!" ብቻ።

ጥር 9

የበረራ ትምህርት ቤታችን ሥራ አስኪያጅ መጣች። ሁለቱንም ማቆየት አልተቻለም። ጀማሪ በየትኛዋ ይሠልጥን? አባዬ በወሩ መጨረሻ ይወስን፤ ሌላዋ ትሸጣለች። ሙሽሪት ከተመረጠች ግን እሱም በእሷ ተፈትኖ ማለፍ አለበት። ካልሆነ ሌላ አስተማሪ ይመጣል።

"ምን ውሳኔ ያስፈልገዋል? ስክሪን የለመደ ልጅ ውጭውን ማየት ይረሳል። ቴሌቪዥን ካማረው ቤቱ ይቀመጥ!" አለ አባዬ።

"ቀጣሪዎች ግን ስክሪን የሚያውቅ ነው የሚፈልጉት" አለች።

እውነቷን ነው። እኔም ልቤ ሙሽሪት ጋ ነው። ግን በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።

ጥር 13

ግድ ሆኖበት ሙሽሪት ላይ ወጣን። ሳቄን እንዴት እንደቻልኩት!

አባዬ አንድ አመል አለው። ከመነሳቱ በፊት የከፍታውን ጌጅ በጣቱ ኳ ኳ ያደርጋል፤ ቀስቱ ተጣብቆ ከሆነ እንዲላቀቅ። ዛሬ ስክሪኑን ኳ ኳ! ካርታው ጥፍት። ሌላ ገጽ መጣ። ደግሞ ኳ... የሬዲዮ ዝርዝር።

"ምን ዓይነቷ ናት? ገና ሲነኳት ታኮርፋለች!"

"ሲነኳት ነው የምትሠራው፣ መምህር።"

"እስቲ ከፍታውን አንብቢ።" አነበብኩ። "ፍጥነቱንስ?" አነበብኩ። "ነዳጁንስ?" ቆይ... እየፈተነኝ ነበር ወይስ?

ጥር 14

አሮጊቷ ላይ ቁጥር አንብቢልኝ ብሎኝ አያውቅም። ለምን ይለኛል? ቀስቱ ወዴት እንዳጋደለ በጨረፍታ ያያል፣ በቃ። ሙሽሪት ግን ቁጥር በቁጥር ናት፣ ያውም ደቃቅ።

ምግብ ቤት ስንሄድ እማዬን "አንቺ ምረጪልኝ" የሚላት... ፍቅር መስሎኝ! የመድኃኒቱን ወረቀት "ሐኪም ሲጽፍ አይነበብም" ብሎ የሚያማው... የታተመ እኮ ነው!

አባዬ መነጽር ያስፈልገዋል። ለእሱ ግን ማን ይነግረዋል? መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ቀጥሎ ከፋኝ። ሌላ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ "ተማሪ" ሲለኝ ታየኝ። አልፈልግም።

ጥር 17

ለእማዬ ነገርኳት።

"ስንት ዘመኔ ስነግረው! 'ዓይኔ የንስር ነው' ይላል። ያ ንስር ባለፈው ጨው ነው ብሎ ሾርባዬ ላይ ስኳር ነሰነሰልኝ።"

የራሷን ማንበቢያ መነጽር ሰጠችኝ። ሐምራዊ፣ ጥጉ ላይ አበባ ያለበት። የበረራ ቦርሳው ውስጥ ከተትኩት።

ጥር 18

ሙሽሪት ውስጥ ገብቶ ቦርሳውን ከፈተ። መነጽሩን አየ። እኔን አየ። እኔ ደግሞ ውጭውን... ውጭውን እይ ብሎ ያስተማረኝ እሱ አይደል?

"በአብራሪዎች የጤና ምርመራ ቢያግዱኝስ?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። አባዬ እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም። አንጀቴን በላው።

"በመነጽር ይፈቀዳል፣ አባዬ። ያገደህ ኩራትህ ነው።"

"ተማሪ!"

"አቤት፣ መምህር።"

አጠለቀው። ስክሪኑን አየ፣ ቀና አለ፣ ደግሞ አየ። "እንዴ! ይሄ ሁሉ እዚህ ነበር?"

አበባው አምሮበታል። አልነገርኩትም።

ጥር 29

ምርመራውንም ፈተናውንም አለፈ። የራሱን መነጽር ገዛ... ጥቁር፣ አበባ የሌለው። ለሥራ አስኪያጇም ቁርጡን ነገራት፤ ሙሽሪት ትቆይ። "ግን ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ ስክሪኑን በወረቀት ሸፍኖ፣ ውጭውን እያየ ይብረር።" አይ አባዬ! ሲሸነፍም የራሱን ሳያስገባ አይሸነፍም።

የአሮጊቷ ገዢ መጥቶ ወሰዳት። አባዬ ከመሄዷ በፊት ጌጇን አንዴ ኳ ኳ አደረገ። እንዳያፍር ብዬ ፊቴን አዞርኩ።

የካቲት 4

ብቻዬን በረርኩ!!

አባዬ ወርዶ በሩን ዘጋ። ሬዲዮ ይዞ ሜዳው ዳር ቆመ። ሞተሩን አስነሳሁ፣ ሁሉንም አየሁ፣ ልነሳ ስል... ጣቴ፣ የገዛ ጣቴ፣ ሳላዘው ሄዶ ስክሪኑን ኳ ኳ! ካርታው ጥፍት።

ሬዲዮው ጮኸ። "ተማሪ፣ ምን ያቆምሻል?"

"ካርታው ጠፋብኝ፣ መምህር።"

ከዚያ ሳቁ መጣ... ያ የቤት ሳቁ።

"አንኳኳሽው አይደል? በይ ውጭውን እያየሽ ሂጂ፣ የኔ ልጅ።"

አውሮፕላን ውስጥ ሆኜ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ዓይኔን ጠረግኩና ተነሳሁ።