ከቀይ ከፋይ ለምድ ሥር ስለ ቀረው ዝናር

ለክቡር ግራዝማች ኢተፋ ሆራ፣ የገበያ መንገድ ዘበኞች አለቃ፤
አዳማ።

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የአዳማ ሐሩር ሳያገኝዎ፣ ከበረንዳዎ ጥላ ሳይለዩ እንዲቆዩልን ዘወትር እመኛለሁ። እኔ አላህ ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህን ጽሑፍ በጣቢያው ግድግዳ ላይ በመለጠፌ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ሁለት ጊዜ ለጸሐፊዎ ሰጥቼ ሥራ እንደ በዛብዎ ስለ ተነገረኝ፣ ባቡር ሲጠብቁ ቆመው ያነቡት ይሆናል ብዬ ነው።

አንደኛ፣ በኅዳር ወር ሱቄ ድረስ መጥተው የጥንቱ ዘማች ግርማ እንደ ነበረው፣ የዛሬው ዘበኛ ግን በካኪ ኮቱ የባቡር ሠራተኛ እንደሚመስል በሐዘን ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። በካኪው ላይ የሚደረብ፣ እስከ ጉልበት የሚወርድ፣ ከአንገት እስከ ወገብ በስድስት ቁልፍ የሚዘጋ የቀይ ከፋይ ለምድ አዘዙኝ። ሰፋሁት። ማማሩን አልክድም።

ሁለተኛ፣ የጥይቱ ዝናር ከለምዱ ሥር ስለሚቀር ጎኑን ልክፈተው ብዬ ባመለክት፣ «አንተ ስፋ፤ ተኩሱ የእኛ ነው» ብለው ከብዙ ሐሳብ ስለ ገላገሉኝ አመሰግናለሁ። የወለንጪቲው ዘበኛ ወዬሳ ግን ለብቻው መጥቶ፣ «መሐመድዘይን፣ እጄ ዝናሩ ጋ አይደርስም፤ እባክህ ተርትርልኝ» ቢለኝ በቀኝ ጎኑ አንድ ስንዝር ከፈትሁለት። በዘበኞቹ ሰልፍ ቀን አይተውት መልኩን አበላሽቷል ስላሉ፣ እዚያው በፊትዎ መልሼ ደፈንሁት። ፈርቼ ስለ ነበር በድርብ ክር ሰፋሁት።

በጥር ወር ወዬሳ ነጋዴዎች አጅቦ ወደ ወለንጪቲ ሲሄድ ሽፍቶች መንገድ ላይ ጠበቁት። ጠመንጃው የጎረሰችውን አንዲት ጥይት ተኮሰ፤ ከዚያ ቁልፍ መፍታት ጀመረ። ከአህዮቹ ኋላ ተደብቃ የነበረችው ነጋዴ ዙለይካ እንደ ነገረችኝ፣ ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ሳለ ቀኝ ክንዱን መቱት። በባቡር አዲስ አበባ ተወስዶ ክንዱ ከክርኑ በላይ ተቆረጠ። ሲመለስ ልጠይቀው ሄድሁ። ደጁ ላይ ብቆም፣ «ግባ እንጂ፤ አንተ ምን ልታደርግ ኖሯል?» አለኝ። እርስዎ በጎበኙት ጊዜ፣ ለምዱ ደሙን እንዳላሳየ በማስተዋልዎ ግን ስለ ከፋዩ ቀለም ያለዎትን እውቀት አድንቄአለሁ።

ትናንት ደግሞ ሃምሳ ለምድ እንድጨምር፣ ርዝመቱም እስከ ባት እንዲሆን የሚል ትእዛዝዎ ደረሰኝ። እንቢ ብል ሌላ ሰፊ ይሰፋዋል እንጂ ለምዱ አይቀርም። ሌሊቱን ሳስብ አድሬ ጧት ከፋዩን ዘርግቼ መቁረጥ ጀመርሁ። ሌላ ማድረግ የምችለው ነገር ካለ ቢያስታውቁኝ ውለታዎን አልረሳም።

የታዘዘውን ሁሉ የሚሰፋ፣ ያላዘዙትን ለማሰብ ያልተፈቀደለት፣ ከእግርዎ በታች ያለ ታዛዥዎ፣
መሐመድዘይን ደሊል፣ ልብስ ሰፊ።
የካቲት ፲፱፻፳፪ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ በላኩልኝ የአዲስ ዘበኞች ስም ዝርዝር ውስጥ የወዬሳ ታናሽ ወንድም መርዳሳ አለበት። ልኩን ሊሰጥ መጥቶ አሁን ፊቴ ቆሟል። ከወንድሙ ያጥራልና ለምዱ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ይወርዳል፤ ከበረንዳዎ ሆነው ሲያዩት እንደሚያምርልዎ አልጠራጠርም።