አምሀ የሚስበው ገመድ

ጅቡቲ፣ ካርቲዬ ሁለት
የካቲት ፲፰ ቀን ፲፱፻፳፫ ዓ.ም.

ለውድ አባቴ ለአቶ ጸሐዬ
ድሬዳዋ፣ የባቡር ጥገና ቤት

አባባ፣ እንደምን ከረሙ? የድሬዳዋ ውሃ ተስማማዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማማ ደህና ናት፤ ደህና ናት ስል ትሠራለች፣ ትንሽ ትቀምሳለች፣ ሰው ሲመጣም ታጫውታለች ማለቴ ነው። እኔም ትምህርቴን አላቋረጥኩም። ሙቀቱ ገና አልገባም፤ ወደ ማታ ከባሕሩ ዳር ከራስ ዲካ በኩል የሚመጣው ነፋስ አሁንም ቀዝቀዝ ያለ ነው። አምሀ የሚወደው ወራት ነው።

ስሙን በመጻፌ አይቆጡኝ። እርስዎ ከሄዱ ወዲህ በዚህ ቤት ወንድሜን በስሙ የሚጠራው የለም። ግን እማማ ምሳ ሲደርስ አሁንም የሳንቃውን ወለል በእግሯ ትመታለች። ስለማይሰማ የምትጠራው እንደዚያ ነበርና። ከመታች በኋላ ትዝ ይላትና ሳህኖቹን ማስተካከል ትጀምራለች።

እኔ የአምቡሊ እሁዶች ከዓይኔ አይጠፉም። የእርስዎ ባቡር በሚገባበት ቀን እማማ ሁለታችንን ይዛ ትወርድና ሐዲዱ ዳር ካሉት ቴምሮች ሥር እንቀመጣለን። አምሀ መዳፉን መሬት ላይ ያሳርፋል። እኛ ምንም ሳንሰማ እሱ ብድግ ይላል። እማማ "በል ተነስ፣ መጣ" ትለኛለች፤ ከእኔ ጆሮ ይልቅ የእሱን መዳፍ ታምን ነበር። ከዚያ ባቡሩ ብቅ ይላል። እርስዎ ከሰል ሲጨምሩ ውለው ፊትዎ ጠቁሮ፣ ጥርስዎ ብቻ እየታየ፣ ግሪካዊውን ነጂ አስፈቅደው የፉጨቱን ገመድ ይስቡልናል። ነጩ እንፋሎት ቡልቅ ይላል። አምሀም ቡጢውን ወደ ላይ አንስቶ ወደ ታች ይስባል። ባቡሩ ካለፈም በኋላ መንገዱን ሁሉ እየሳበ ይመለሳል። ማታ እርስዎ ቤት ሲገቡም ደጃፉ ላይ ቆሞ ይስብ ነበር። አንድ ቀን ፊትዎን እየታጠቡ፣ "ይሄ ልጅ ባቡሩን ነው የሚወደው። እኔንማ የት ያውቀኛል?" ብለው ሁላችንም ሳቅን።

አምሀ ወደ ፈረንሳዮቹ መነኩሲቶች ትምህርት ቤት እንዲገባ እርስዎ አልፈለጉም ነበር። "ለማይሰማ ሕፃን ምን ሊያስተምሩት ነው?" ሲሉ እማማ፣ "ቢያንስ ከልጆች ጋር ይዋል" አለች። እርስዎ ቀን ሥራ ላይ ስለነበሩ ቦታውን አላዩትም። እኔ ግን ከትምህርት ስወጣ አምሀን ለመውሰድ እሄድ ስለነበር አይቻለሁ። ማሴር የምንላቸው መነኩሲት ከሌሎቹ ልጆች የተለየ እርዳታ የሚያስፈልጋቸውን ትንንሾች በረንዳው ላይ ለብቻ ያስተምሩ ነበር። ከአምሀ ሌላ እንደ እሱ የማትሰማው የጎረቤታችን የጋሽ ከማሉዲን ልጅ ጠይባ አለች። እግሮቹ የማይታዘዙለት ጀላሉዲንም አለ። ለእሱ አናጢ የሳሙና ሳጥን ቆርጦ መቀመጫ ሠርቶለታል፤ እንዳይወድቅ ወገቡን በጨርቅ ታስሮ ከጓደኞቹ እኩል ዶቃ በየቀለሙ ይለያል።

ማሴር የዶሮ ላባ ከአፋቸው ፊት ይዘው "ፓፓ" ሲሉ ላባው ይርገበገባል፤ በፈረንሳይኛ አባባ ማለት ነው። የአምሀን እጅ ወስደው ጉሮሯቸውን ያስነኩታል። ከዚያ እማማ የሰጠቻቸውን የእርስዎን ፎቶግራፍ ያሳዩትና ደግመው "ፓፓ" ይላሉ። አምሀ ላባውን ትቶ ፎቶግራፉን ያያል፤ ቡጢውን አንስቶ ይስባል። የትምህርት ቤቱ ደወል ከማሴር ጀርባ ተሰቅሏል። ስለዚህ ይስቁና፣ "ደከመህ? ደወል አማረህ?" ብለው አቅፈው ገመዱን ያስይዙታል። ደወሉ ሲደወል ልጆቹ ሁሉ እየተንጫጩ ይወጣሉ። እሱ ግን ገመዱን እንደያዘ ወደ ውጪው በር ያያል። ምን እንደሚጠብቅ ያሰበ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ኩፍኙ መጣ። በቀብሩ ዕለት እርስዎ ለእማማ ያሉትን ሰምቻለሁ። "በሽታው የመጣው ከዚያ ቤት ነው። ምን ተማረበት? አንድ ቀን እንኳ አባባ ሳይለኝ ሄደ።" ወዲያው የባቡሩን ሥራ ትተው ወደ ጥገና ቤት ተዛወሩ።

ትናንት እማማ ፎቶግራፍዎን እንዳመጣ ወደ ማሴር ላከችኝ። እዚያ እያለሁ ጋሽ ከማሉዲን ጨርቅ ቤታቸውን ዘግተው ጠይባን ሊወስዱ መጡ። ገና ከሩቅ ስታያቸው ቡጢዋን አንስታ ሳበች። ማሴር "ገና ነው፣ የደወል ሰዓት አልደረሰም" አሏት። ጠይባ ወደ ደወሉ ዞር እንኳ ሳትል ሮጣ የአባቷን ሽርጥ ያዘችና እንደገና ሳበች።

"ይኸውልህ ታምሩ" አሉኝ ጋሽ ከማሉዲን እየሳቁ። "ቤት ስገባም እንዲህ ነው የምታደርገኝ። ወላሂ፣ ቤተ ክርስቲያን መሰልኳት እንዴ፣ ደወል የምትስብብኝ?"

"እናቷንስ?" አልኳቸው።

"እናቷንማ ጉንጯን ነክታ ነው የምትጠራት። ይሄ የእኔ ብቻ ነው።"

አባባ፣ ጋሽ ከማሉዲን ባቡር ላይ ሠርተው አያውቁም። ሱቃቸው ውስጥ የሚሳብ ገመድ የለም። ስለ አምቡሊ፣ ስለ እንፋሎቱ፣ ስለ እርስዎ ክንድ ለማሴር በፈረንሳይኛ ነገርኳቸው። ቃሉ ሁሉ ጠፍቶብኝ በእጄም ጭምር ነበር። ማሴርም በእጃቸው የያዙትን ላባ አስቀመጡና በጣታቸው ጋሽ ከማሉዲንን እያሳዩ "ፓፓ" አሏት። ጠይባ ሳበች።

ይኼኔ ጀላሉዲን ከሳጥኑ ውስጥ ሆኖ፣ "አባት ማለት ነው'ኮ። አምሀ ነው ያመጣው። እናንተ አታውቁም እንዴ?" አለ፤ ትልልቅ ሰዎች እንዲህ ያለ ቀላል ነገር አለማወቃችን እያስገረመው።

ማሴር ከልጆቹ አጭር አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። "በጠየቅኩት ቁጥር ይመልስልኝ ነበር" አሉ። "እኔ ደግሞ በመለሰልኝ ቁጥር ደወል አስደውለው ነበር።"

አባባ፣ ምን ተማረበት ብለው ነበር። በዚያ በረንዳ ላይ አባት የሚባለው እሱ እንዳለው ነው። ሲስብ የሚጠራው ባቡሩን አልነበረም። ደወሉንም አልነበረም።

ፎቶግራፉን ሳልወስድ ተመለስኩ፤ ማሴር "ለልጆቹ ይቆይልኝ" ብለው ለመኑኝ። ለእማማ ሁሉንም ስነግራት "ጻፍለት" ብቻ አለችኝ። ጠዋት ግን ባቡሩ ላይ ከሰል ሲጨምሩ የሚያስሩትን ሻሽዎን አጥባ ደጅ አስጥታው አየሁ።

አርባው የፊታችን እሁድ ሳምንት ነው። እማማ ለቄሱ የነገረቻቸው እርስዎ እንደሚገኙ አድርጋ ነው። እንደ መንገደኛ ቢመጡም ያ ግሪካዊ ያውቅዎታልና አምቡሊ ሲደርሱ ገመዱን ያስይዝዎት። ከቴምሮቹ ሥር እንጠብቅዎታለን፤ ጠይባንም ይዘናት እንመጣለን። መዳፋችንን መሬት ላይ እናሳርፋለን፤ እንደ እሱ ባናውቅበትም።

መድኃኔዓለም እስከዚያው ከእሳትና ከብረት ይጠብቅልን፤ እርስዎም ከዚያ ሆነው ይመርቁን።

ይህን ሁሉ በቀኜ ስጽፍ ግራ እጄ ሥራ ፈትቶ ነበር። አሁን ቡጢ አድርጌ አንስቼዋለሁ።

ልጅዎ
ታምሩ ጸሐዬ